ማኛ ጤፍ፣ የአራዳ ቋንቋ፣ የሀበሻ ቀሚስ፦ ስለ ምርጫና ስለ መደብ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ሶሲዮሎጂ ማስተማር ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ጉዳይ አለ፦ የምንበላው፣ የምንለብሰውና የምንናገርበት መንገድ ማንን «የእኛ ሰው» ማንን ደግሞ «የነሱ ሰው» እንደሚያደርግ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ስማችሁን ትቼ ከየት እንደጠየቃችሁ ብቻ አስቀምጫለሁ። ረጃጅሞቹን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ምርጫ እኮ የግል ነው። እኔ ጃዝ እወዳለሁ፣ ጎረቤቴ ሌላ ይወዳል። መደብ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?

ምርጫህ የራስህ ነው፤ እሱን ማንም አይነጥቅህም። እኔ የምጠይቅህ ከየት አገኘኸው ብዬ ነው። ጃዝን መጀመሪያ የሰማኸው የት ነው? አባትህ ቤት ካሴት ነበር? ወይስ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው ያስለመደህ? ያ ጓደኛህስ የማን ልጅ ነበር?

ይሄን ነገር በደንብ ከመረመሩት አንዱ ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 1,217 ሰዎችን ጠየቀ። ምን ዓይነት ሙዚቃ ትሰማላችሁ? የቤት ዕቃ ከየት ትገዛላችሁ? እንግዳ ሲመጣ ምን ታቀርባላችሁ? ከጥያቄዎቹ አንዱን በጣም እወደዋለሁ። የተለያዩ ነገሮችን እየጠሩ «ይሄ ፎቶ ቢነሳ ያምራል?» ይላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የልጅ የመጀመሪያ ቁርባን፣ ጎመን፣ የዛፍ ቅርፊት። ትምህርት ብዙም ያልገፋው ሰው ፀሐይዋንና ቁርባኑን መረጠ። ጎመን ምኑ ይነሳል አለ። በትምህርት የገፋው ግን ቅርፊቱም ጎመኑም ያምራል የማለቱ ዕድል ከፍ ያለ ነበር። ጎመንን እንደ ሥዕል ለማየት መጀመሪያ የምሳ ሐሳብ ሊቀልልህ ይገባል።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ዋናው ነገሩ ይሄ ነው፦ ገንዘብ ብቻውን ምርጫን አያስረዳም። የተማርክበት ደረጃና የአባትህ ሥራም አሉበት። ሀብት ሦስት ዓይነት ነው ይላል። አንዱ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ሰው ማወቅ ነው፤ እኛ «ዘመድ አለው» የምንለው። ሦስተኛው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ሰውነታችን ውስጥ የገባ ዕውቀት፣ አነጋገርና አያያዝ ነው። እሱ የባህል ካፒታል ይለዋል። ይሄ ሦስተኛው ሀብት አይመስልም፤ «ተፈጥሮው ነው»፣ «የጨዋ ልጅ ነው» እየተባለ ይታለፋል። ቡርዲዩ ራሱ የገጠር ፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር። ፓሪስ ገብቶ ሲማር የክፍለ ሀገር ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ድሮ እኛ አገር ይሄ ነገር በደንብ የታወቀ ነበር ይባላል። ማን ምን እንደሚለብስ፣ ማን ምን እንደሚጠጣ። እውነት ነው?

እውነት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1363 ማን ምን ዓይነት ጨርቅ መልበስ እንደሚችል በሕግ ደንግገው ነበር። እኛ ጋ አብዛኛውን ሥራ የሠራው ወጉ ነው። ወጉ ግን ከሕግ አያንስም ነበር።

የምኒልክን ግብር አስቡት። ንጉሠ ነገሥቱ ሲበሉ መጋረጃ ተጋርዶ ነው። ቅርብ የሆኑት መኳንንት አብረው ይስተናገዳሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው በየማዕረጉ ይገባል። ወታደሩ ኋላ ላይ ነው። አዳራሹ አንድ ነው፣ ብርንዶውም ያው ብርንዶ ነው። የጠጁ ጥራት ግን እንደ ሰውየው ደረጃ ይለያያል። መጠጫውም እንደዚያው፤ ላይ ያለው በብርሌ፣ ታች ያለው በቀንድ ዋንጫ። ማን ምን እንደሆነ ለማወቅ እጁን ማየት ይበቃል።

ልብሱም ይናገራል። በወርቅ ያጌጠ ካባና ለምድ ከንጉሥ የሚሸለም ነው። ቀይ ጥበቡ ሰፋ ያለው ጃኖ የትልቅ ሰው ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ጌታው በበቅሎ፣ አሽከሮቹ በእግር። የተከታዩ ብዛት የሰውየው ክብር መለኪያ ነበር። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የነጠላው ነገር ነው። ያው ነጠላ፣ ያው ጥጥ ነው። ነገር ግን ከሚበልጠው ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ያደገድጋል፤ ነጠላውን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ ይቆማል። ማንም «እኔ ካንተ በታች ነኝ» አላለም፤ ጨርቁ ተናገረለት።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ያንን ሁሉ ሸማ የሠራው ሸማኔ ምን ቦታ ነበረው? ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ይናቃሉ። ጋብቻ የለም። ቡዳ እየተባሉ ይፈራሉ። ነገሩ ስለከፋ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል የሚል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ስድቡ ግን አዋጅ አልሰማም። አንድ ሰው ሸማውን በኩራት እየለበሰ ሸማኔውን ይንቃል። ነገሩን በልቡ እንደሚቃረን አድርጎ እንኳ አያየውም። ስለ ምርጫና መደብ ላስረዳ ስነሳ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ምሳሌ ይሄ ነው።

ከቢሾፍቱ፦ እናቴ «ጥቁር ጤፍ የቸገረው ነው የሚበላው» ትል ነበር። አሁን ሀብታም ዘመዶቼ ቀይ ጤፍ ካልሆነ አንበላም ይላሉ። ምን ተፈጠረ?

እናትሽ ትክክል ነበሩ፤ ዘመዶችሽም አልዋሹም።

ማኛ ጤፍ ነጭ ነው፣ ውድ ነው፣ እንግዳ የሚከበርበት ነው። ሰርገኛው መሀል ላይ ነው። ቀዩ ወይም ጥቁሩ ርካሽ ስለነበር የችግር ምልክት ሆነ። ከሱ በታች ደግሞ በማሽላና በበቆሎ የተቀላቀለው አለ። ሞሰቡ ሲከፈት የእንጀራው ቀለም የቤቱን ኑሮ ያሳብቃል። ስለዚህ እናቶች ለቤት ሰው ሌላ፣ ለእንግዳ ሌላ ይጋግሩ ነበር።

አሁን ማኛ መግዛት የሚችለው ሰው በዛ። እንጀራው ነጭ መሆኑ ብቻውን ማንንም ለይቶ አያወጣም። በዚያ ላይ ቀይ ጤፍ ብረት አለው፣ ለስኳር በሽታ ይሻላል እየተባለ ስሙ ተነሳ። ስለዚህ የላይኛው መደብ ወደ ቀዩ ዞረ። አውሮፓም በዳቦ እንዲህ ሆኗል። ለብዙ መቶ ዓመት ነጭ ዳቦ የጌታ፣ ጥቁር ዳቦ የገባር ነበር። ፋብሪካ ነጩን አርክሶ ለሁሉም ሲያዳርሰው ሀብታሙ ጥቁሩን በውድ ይገዛ ጀመር።

ልዩነቱን ግን ልብ በይ። ዘመድሽ ቀይ ጤፍ ሲያቀርቡ «ጤናቸውን የሚጠብቁ» ይባላሉ። የሠፈርሽ ልብስ አጣቢ ስታቀርብ «ቸገራት» ይባላል። ሳህኑ ላይ ያለው አንድ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ አራዳና ፋራ የሚባለው ነገርስ? እሱ ከገንዘብ ጋር አይገናኝም አይደል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሰፊው ልመልሰው።

አራዳነት ያለ ገንዘብ የሚያዝ ክብር ነው። ፒያሳ አካባቢ ያደገ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ አራዳ ሊሆን ይችላል። ሦስት ፎቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ ፋራ ሊባል ይችላል። ይሄ ደስ የሚል ጎን አለው። ገንዘብ የሌለው ልጅ በገንዘብ የማይገዛ ነገር ይዟል። ቀልዱን፣ ቋንቋውን፣ አረማመዱን ማንም አይቀማውም። ማኪያቶ አንድ ብቻ አዝዞ ግማሽ ቀን ሲጫወት ማንም አያፍርበትም። አስተናጋጁን በስሙ ይጠራዋል፤ ሂሳብ «ያዝልኝ» ማለት ይችላል። ሀብታሙ ሰውዬ ያንን ማድረግ አይችልም።

ግን ማን ላይ ነው የሚያርፈው? ሀብታሙማ ፋራ ቢባል ምን ይጎድልበታል? ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ዱላው የሚያርፈው ገና ከገጠር በመጣው ሊስትሮ፣ በሎተሪ አዟሪው፣ በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ፎቅ ቀና ብሎ ሲያይ ይሳቅበታል። አስፋልት ሲሻገር ይሳቅበታል። «እንዴት ዋልክ» ያለበት ቅላጼ እየተደገመ ይቀለድበታል። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰው ቤት ገብታ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዝም ትላለች። አሠሪዋ «ዝምተኛ ናት» ይላሉ። ዝምተኛ ሆና አይደለም፤ አፏን ስትከፍት ልጆቹ ስለሚስቁ ነው።

ሌላው ደግሞ መስፈርቱ አለመቆሙ ነው። አዲስ መጤው የአራዳውን ቃል ለምዶ ሲናገር ቃሉ አርጅቷል፤ «እሱ እኮ ድሮ ቀረ» ይባላል። ድንበሩ የሚጠበቀው እንዲህ እየተንቀሳቀሰ ነው። በሕግ የተጻፈ ቢሆን ሄደህ ታነበዋለህ። ይሄን ግን እዚያው ካልተወለድክ ሁሌ ዘግይተህ ነው የምትደርሰው።

በነገራችን ላይ የፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ፈርሷል። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። ልጆቹ አራዳነቱን ይዘውት ይሄዱ ይሆን ወይስ ከሰፈሩ ጋር ይቀር ይሆን? በጣም የምከታተለው ነገር ነው።

ከባሕር ዳር፦ ጥሩ ውጤት ይዤ ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ገባሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። በኋላ ግን «ጎበዝ ናት፤ ግን ፕሬዘንቴብል አይደለችም» እንደተባለ ሰማሁ። ምን ጎደለኝ?

እህቴ፣ ለሥራው የሚሆን ምንም አልጎደለሽም።

ያንን ቃል ሥራ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ታዪዋለሽ። «ፕሬዘንቴብል የሆነች»። ምን ማለት እንደሆነ የሚጽፍ ግን የለም። ባይጻፍም ሁሉም ያውቀዋል። ጫማ ማለት ነው። ፀጉር ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ያለ ክፍለ ሀገር ቅላጼ መናገር ማለት ነው። ወንበር ላይ ዘና ብሎ መቀመጥ፣ ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እያዩ መሳቅ ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር ማድረግ ነው ጨዋነት ተብለሽ ያደግሽው። ያስተማሩሽ ጨዋነት እዚያ ቢሮ ውስጥ «በራስ መተማመን የላትም» ተብሎ ተተረጎመ።

ከአንቺ ጋር የተወዳደረችው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ይሄንን ስትለማመድ ነው የኖረችው። ወላጆቿ በየወሩ ከፍለውበታል። ጠያቂዎቹ ግን ክፍያውን አያዩም፤ «ስማርት ናት» ነው የሚሉት። የተገዛ ነገር እንደ ተሰጥኦ ሲቆጠር እኔ እናደዳለሁ። እንደዚህ ቀጥተኛ ሆኖ የሚታይበት ሌላ ቦታ ብዙም የለም።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ ጻፉ። ለሁሉም ተወዳዳሪ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ። ስለ ሰውየው ማውራት ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ለመልሱ ነጥብ ስጡ። «ደስ ትላለች»፣ «ትመጥነናለች» የሚለው ወሬ ከነጥቡ በኋላ ይምጣ። ለአንቺ ደግሞ፦ ቅላጼሽን ለመደበቅ አትድከሚ። የምትሠሪውን አጥርተሽ ማስረዳት ላይ በርቺ። ጫማውን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ያዩታል። ያሳዝነኛል፤ ግን ያዩታል።

ከመርካቶ፦ አባቴ ነጋዴ ናቸው። ገንዘብ አላቸው፤ ግን ያችኑ አሮጌ ሹራብ ነው የሚለብሱት። ሰው ድሃ እየመሰላቸው ያልፋቸዋል። እኔ አፍራለሁ። ለምን እንዲህ ይሆናሉ?

አባትህ ምን እንደሚያደርጉ በደንብ ያውቃሉ፤ አትፈር።

መርካቶ ውስጥ ክብር የሚገኘው በቃል ነው። «እሱ ካለ አለ ነው» የተባለ ሰው በስልክ ብቻ ሙሉ ጭነት ያወጣል። እዚያ አሮጌ ሹራብ «ገንዘቤ ሥራ ላይ ነው» ማለት ነው። ያማረ ሱፍ ለብሶ የመጣ ነጋዴ እንዲያውም ያስጠረጥራል፤ የማን ገንዘብ ነው የለበሰው ይባላል። በዚያ ላይ ሀብትን ማሳየት ግብር ሰብሳቢውንም፣ ተበዳሪ ዘመድንም ይጠራል።

ጃፓን ውስጥ በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) ነጋዴው ደማቅ ሐር እንዳይለብስ ይከለከል ነበር። እሱም ላዩን ተራ ልብስ ሰፍቶ ገበሩን ውድ ሐር ያደርገዋል። የሚያውቅ ብቻ ያውቃል። የአባትህም ገበር አለ፤ ፈልገው። ወይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይ አገር ቤት ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነው፣ ወይ ለዕድር ቀድመው የሚያወጡት ነው።

አንተ ለምን እንደምታፍር ግን ይገባኛል። አንተ የምትውለው ሌላ ዓለም ነው። ጓደኞችህ ሰውን የሚለኩት በሌላ ሚዛን ነው። አባትህ ገንዘቡን ሰጡህ፤ እዚያ ቦታ የሚያስከብረው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የቢሮ ሰው «ነጋዴ እኮ ነው» ሲል፣ ነጋዴው ደግሞ «ዲግሪውን ይዞ ይራባል» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ሀብት ዋጋ ለማስጠበቅ ነው የሚሟገቱት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እዚህ ታክሲና ኡበር ነው የምነዳው። አገር ቤት ስመጣ ግን ሁሉም እንደ ትልቅ ሰው ያየኛል። ካላበላሁ፣ ውስኪ ካላወረድኩ ይቀየማሉ። ሁለት ሰው ሆንኩ።

ብዙ ሰው ይሄንኑ ነው የጻፈልኝ። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት መደብ ይኖራል። አሥራ አንዱን ወር እዚያ ታች፣ አንዱን ወር እዚህ ላይ። ያ አንድ ወር አሥራ አንዱን የሚያስረሳ ስለሆነ ሰው ይበደርለታል።

የሚጎዳው ደግሞ አንተን ብቻ አይደለም። አንተ ስለ ሥራህ ዝም ስትል እዚህ ያለው ታናሽ ወንድምህ አሜሪካ ማለት ጠርሙስ ማለት ይመስለዋል። የፈረቃውን፣ የኪራዩን፣ የመኪና ኢንሹራንሱን ነገር ንገረው። ዘመዶችህ መጀመሪያ ላይ ቅር ይላቸዋል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ የሚያከብሩህ ስለላክኸው ነው፤ ስለ ጠርሙሱ አይደለም።

ከደሴ፦ ስምንት ዓመት ሪያድ ሠርቼ ተመለስኩ። ወርቅ አደርጋለሁ። ሰው «የዓረብ አገር ነገር» እያለ ይስቃል። ወርቅ ማድረግ ምን ነውር አለው?

ምንም ነውር የለውም።

ወርቅሽ ባንክሽ ነው። በሰው ቤት ስትሠሪ በገዛ እጅሽ የያዝሽው፣ ማንም በስሙ ሊያዞረው የማይችለው ንብረት እሱ ነበር። ብር ሲወድቅ ወርቅ አይወድቅም። ያደረግሽው ከብዙ ሰው የተሻለ ሒሳብ ነው።

የሚስቁብሽ ሰዎች ወርቅ ጠልተው አይደለም። ያው ወርቅ በሌላ ሴት አንገት ላይ ቢሆን «የቤተሰብ ነው» ይላሉ። የሚስቁት ወርቁ የተገኘበትን ሥራ ነው፤ የቤት ሠራተኝነትን። ሠራተኛ የነበረች ሴት ወርቅ ስታደርግ የለመዱት ሥርዓት ይፋለስባቸዋል። ስለዚህ «ደመቀ»፣ «በዛ»፣ «አይሄድም» ይባላል። እነዚህን ቃላት በሰማችሁ ቁጥር ማን ስለ ማን እንደሚናገር ልብ በሉ። ቤት ያሠራችው፣ ወንድሞቿን ያስተማረችው እሷ ናት። ወርቅሽን አድርጊ እህቴ።

ከአዲስ አበባ፦ ልጄ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የምትናገረው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ሰው ይወቅሰኛል፤ እኔ ግን የወደፊት ሕይወቷን አስቤ ነው።

አልወቅስሽም። እንግሊዝኛ በር እንደሚከፍት አይተሻል፤ ልክ ነሽ። ከላይ የባሕር ዳሯን ልጅ ታሪክ ላነበበ ሰው ፍርሃትሽ ግልጽ ነው።

ግን አንድ ነገር ጠይቂ። ልጅሽ ከማን ጋር ማውራት አቃታት? ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋር አይደለም። ከጥበቃው፣ ከሞግዚቷ፣ ከአያቷ ጋር ነው። በቤት ውስጥ ማን ሰው እንደሆነና ማን አገልጋይ እንደሆነ በቋንቋ ትማራለች ማለት ነው። ማንም ሳያስተምራት ትማራለች። አንዳንድ ወላጅ «አማርኛ እኮ አይችልም» ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት እሰማለሁ፤ እዚያ ላይ አዝናለሁ። ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለች፤ ልጆች ይችላሉ። አያቷ ጋ ትዋል።

ከጅማ፦ ደርግ መደብን አጥፍቻለሁ ብሎ ነበር። አጠፋው?

መሬቱን የካቲት 25 ቀን 1967፣ የከተማ ትርፍ ቤቱን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ወረሰ። የማዕረግ ስሙም ቀረ፤ ሁሉም «ጓድ» ሆነ። ካኪ ተለበሰ። ባላባትነት በእውነት ወድቋል፤ ያንን ማቃለል አይገባም።

ምልክቱ ግን ወዲያው ሌላ ቦታ በቀለ። ካኪውም ካኪ ነው ወይ? የማን ካኪ ጥሩ ተሰፍቷል? ማን ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ይገባል? ማን በመንግሥት መኪና ይሄዳል? የማን ልጅ ሶሻሊስት አገር ስኮላርሺፕ አገኘ? ሀብት ሲከለከል ሥልጣንና ትምህርት ሥራውን ተረከቡ። ቤታቸው የተወረሰባቸው ቤተሰቦችም ቢሆኑ አንድ ያልተወረሰ ነገር ነበራቸው፤ የጠረጴዛ ሥርዓቱ፣ ፈረንሳይኛው፣ አነጋገሩ። ዘመኑ ሲቀየር ብዙዎቹ በሱ ነው የተነሱት።

ከአዳማ፦ የመኪናው ነገርስ? ቪትዝ የያዘ ሰው ለምን ይናቃል?

ይሄን በአጭሩ ልመልስ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን በጣም ከፍ ስላደረገው እዚህ አገር ቪትዝም ቢሆን ትልቅ ንብረት ነው። ናቂው ራሱ ብዙ ጊዜ ታክሲ ተሰልፎ ነው የሚውለው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው መጥቶ መሰላሉን አናውጦታል። ድምፅ የሌለው አዲስ የቻይና መኪና ይበልጣል ወይስ የድሮው ላንድክሩዘር? ገና አልተወሰነም። አሁን የመኪና ወሬ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ ደረጃው ሲናወጥ ሰው ቦታውን ለማወቅ ይጨነቃል።

ከሐዋሳ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ትሁንልኝ። ለእህቴ ሠርግ ፕሪንት የሀበሻ ቀሚስ ገዛሁ። አክስቴ አየችውና «ይሄ እኮ የቻይና ነው፤ አታሰድቢን» አለችኝ። የእጅ ሥራው ግን ከደመወዜ በላይ ነው። ምን ላድርግ?

ፕሪንቱን ልበሺ። ያምርብሻል፤ ሠርጉም የእህትሽ ነው።

አክስትሽ ያዩትን ግን ላሳይሽ። ሽሮ ሜዳ ገብተሽ የምትገዛውን ሴት አስተውዪ። ቀሚሱን ፊት ለፊት ብዙ አታየውም፤ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ጥለቱ ከኋላም ንጹሕ ነው ወይ? ክሩ ይንጠለጠላል? ከዚያ ጨርቁን በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ ታሻለች፤ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ይሄን እናቷ ናት ያስተማረቻት። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ያንን ማየት የሚችሉ ሴቶች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የማይችሉት ደግሞ እንደታዩ እንኳ አያውቁም። አክስትሽ የፈሩት ይሄንን ነው። ክፋት አይደለም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ተገልብጠው ታይተዋል ማለት ነው።

እኔ የእጅ ሥራውን እወዳለሁ። ቆንጆ ነው፤ ቆንጆ መሆኑን «የመደብ ምልክት ነው» በሚል አላጣጥለውም። አንድ ሸማኔ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እያመላለሰ ለቀናት የሠራው ነው። ብዙዎቹ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ሙያውን ከአባት ከአያት ነው የያዙት። እኔን የሚያስከፋኝ ግብይቱ ነው። ያቺው ጨርቁን ገልብጣ የምታይ ሴት ሸማኔው ጋ ስትደርስ መቶ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች። ቦሌ ያለ ቡቲክ ገብታ ያንኑ ጥለት በእጥፍ ስትገዛ ግን ዋጋ መጠየቅ ያሳፍራታል።

ስለዚህ አሁን ፕሪንቱን ልበሺ። የእጅ ሥራ የምትገዢበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ከተቻለሽ ከሸማኔው በቀጥታ ግዢ። ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠይቂው፤ ክሩ ስንት እንደገባበት ጠይቂው። ከዚያ አስልተሽ ክፈዪ። አክስትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ጥለት መምረጥ ያውቃሉ።